ከቪኜት ጎጆ ወደ ኋላ የተመለስንበት ጠዋት

ስዊዘርላንድ የምንኖር አበሾች አብዛኞቻችን ተራራውን የምናውቀው በባቡር መስኮት ነው። ብርዱ ሲገባ ጎረቤቱ ስኪውን ተሸክሞ ሲወጣ እናያለን፣ የነሱ ነገር ነው ብለን እናልፋለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። መጀመሪያ የሥራ ባልደረቦቼ ጎትጉተው መደበኛውን ስኪ አስተማሩኝ፤ ቆይተው ደግሞ በኤፕሪል ወር ከአንዲት የተራራ መሪ ጋር ኦት ሩት ይዘውኝ ሄዱ።

ኦት ሩት ከፈረንሳዩ ሻሞኒ ተነስቶ የበረዶ ግግሮችን እያቋረጠ እስከ ስዊዘርላንዱ ዘርማት የሚዘልቅ መንገድ ነው። ሰው በስኪ መሻገር ከጀመረ፣ ከ1911 ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀን ቀን ይኬዳል፣ ማታ ተራራው ላይ ባሉ ጎጆዎች ይታደራል። አቀበቱን የሚወጡት በራስ እግር ነው። ስኪው ሥር ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። ጫፍ ላይ ሲደረስ ይላጥና ሙጫው እንዳይቀዘቅዝ ጃኬት ውስጥ፣ ደረት ላይ ይወተፋል። የመጀመሪያው ቀን ጣቴ ደንዝዞ ያንን ጨርቅ መላጥ ከአቀበቱ በላይ ከብዶኝ ነበር።

መሪያችን የስዊዘርላንዱ ቫሌ ክልል ተወላጅ ናት። በየጠዋቱ ከጎጆው በር ፈንጠር ብላ ትቆምና አንድ በአንድ እናልፋታለን። ደረታችን ላይ የታሰረው፣ በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው የሚገኝበት መሣሪያ ምልክት መስጠቱን ሳታረጋግጥ ማንንም አታሳልፍም። በናዳ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም ማለት ይቻላል፤ የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። ለዚህም አንዱን መሣሪያ በረዶ ውስጥ እየቀበረች ፈልጉ ትለናለች። ዘንግ ሰክተን፣ በአካፋ ቆፍረን እናወጣለን። ስንዘገይ እንደገና ትቀብረዋለች።

ግግሩ ላይ በገመድ እንያያዛለን። ስንጥቁ በበረዶ ስለሚሸፈን ዓይን አያየውም። መሪያችን ከፊት ሆና በበትሯ ወጋ ወጋ ታደርጋለች፤ በትሩ ድንገት ጥልቅ ካለባት ቆም ብላ አቅጣጫ ትቀይራለች። ከኋላ ያለነው ገመዱ እንዳይላላ እርምጃችንን ከፊተኛው ጋር እናስተካክላለን። የስዊዘርላንድ ግግሮች በ2022 እና በ2023፣ በሁለት ዓመት ብቻ፣ ከበረዷቸው 10 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። በዚህ ፍጥነት እየተለወጠ ባለ ቦታ ከካርታው ይልቅ በየዓመቱ የሚመላለስበት ሰው ዓይን ይታመናል።

ቪኜት ጎጆ ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ከዚያ ወደ ዘርማት የሚወስደው ቀን ረጅሙ ነው፤ ኤቬክ፣ ሞን ብሩሌ፣ ቫልፔሊን የሚባሉ ሦስት የተራራ በሮች ይታለፋሉ። ሁላችንም የመጣነው ለዚያ ቀን ነበር። ማታውኑ መሪያችን ዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም የሚያወጣውን የናዳ ማስጠንቀቂያ ደጋግማ ስታነብ አየኋት። ሊነጋጋ ሲል ብቻዋን ወጥታ ቆይታ ተመለሰች።

«ዛሬ ዘርማት አንሄድም። ወደ አሮላ መንደር እንወርዳለን» አለች።

ከባልደረቦቼ አንዱ ሌሎች ቡድኖች ጫማቸውን እያሰሩ መሆኑን አሳያት። በእርጋታ መለሰችለት፦ «የነሱን መሪያቸው ያውቃል። ነፋሱ ሌሊቱን በረዶ ሲያከማች አድሯል፣ ደመናውም እየወረደ ነው። ሦስተኛው በር ላይ ሆነን ቢዘጋብን ማምለጫ የለንም።» ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከረም። በኤፕሪል 2018 መጨረሻ ከዚሁ ጎጆ ብዙም ሳይርቁ ማዕበል ይዟቸው ውጭ ያደሩ ሰዎች ነበሩ። ሰባት ሞቱ፣ መሪያቸውም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

እኔን የነካኝ የተናገረችበት ሁኔታ ነው። ስደት ላይ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር ያስፈራናል። የወጣነውን ወጥተን፣ ያለፍነውን አልፈን፣ «ተመለሰ» መባል እንደ ሞት ነው። ቢያመንም፣ ሥራው ቢያዋርደንም እንገፋለን። እዚህ ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ተራራ ላይ ያሳለፈች ባለሙያ ያለ ምንም ሃፍረት «እንመለሳለን» ትላለች፣ ማንም አይንቃትም። እንዲያውም የከፈልናት ለዚህ ውሳኔ ነው። ወደ አሮላ ስንወርድ ደመና ውስጥ ስለነበርን የስኪዬ ጫፍ እንኳ በቅጡ አይታየኝም ነበር። የእሷን ዱካ ብቻ ነው የተከተልኩት። ያኔ የተሰማኝን ማረፍ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ አላውቀውም፤ ለአንድ ጠዋት እንኳ ሌላ ሰው አስቦልኝ ነበርና።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ መደበኛውን ስኪ በደንብ ልመዱ፤ ቀጥሎ የስዊዝ አልፓይን ክለብ ቅርንጫፎች ከሚሰጡት ኮርስ ጀማሪ የሚቀበለውን ፈልጉ። ግግር ላይ ግን የዓለም አቀፉ የተራራ መሪዎች ፌዴሬሽን ባጅ ከሌለው ሰው ጋር እንዳትወጡ፣ አደራ። እኛ ለመጪው ኤፕሪል ከዚያችው መሪ ጋር ተቀጣጥረናል፣ ከቪኜት ጀምረን የቀረውን ለመጨረስ። ያኔም ተመለሱ ካለችን እንመለሳለን።