መስቀሉን ነቀልኩት፣ ግን አልጠፋም

የባልደረባችን እናት ማረፋቸውን የሰማነው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ቢሮ ብር ተዋጣና አበባ የመግዛቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። "አንተ ዕቃ መምረጥ ታውቅበታለህ" አሉኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር።

ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ አበባ ቤት ገባሁ። ልጁ "ለሰርግ ነው ለለቅሶ?" አለኝ። ለለቅሶ። ሌላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ቀብር እንደለመድኩት 9 ሰዓት ነው ብዬ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ምሳዬንም በልቼ ተመለስኩ። የመኪና ጎማ የሚያክል ጉንጉን ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ዙሪያው ቀይ ጽጌረዳ፣ መሀሉ ላይ በነጭ አበባ የተሠራ ትልቅ መስቀል፣ ሪባኑ ላይ "ነፍስ ይማር"።

ባልደረባችን ሙስሊም ናት።

ይሄ ትዝ ያለኝ ራይድ ውስጥ ሆኜ አንዋር መስጊድ ሲታየኝ ነው። (አምስት ዓመት ሙሉ በየረመዳኑ ሳምቡሳ ያበላችኝ ልጅ እኮ ናት!) በድንጋጤ ሪባኑን በጥሼ ኪሴ ከተትኩና ነጮቹን አበቦች አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አለ። ነቅዬ ስጨርስ ከሥር ያለው ቅጠል ብቅ አለ። ቁልጭ ያለ አረንጓዴ መስቀል! ጭራሽ ከበፊቱ በለጠ።

ስደርስ ቀብሩ አልቋል። እነሱ ጋ ሬሳ አይቆይም፤ ከዙህር (ከቀትር) ሶላት በኋላ ኮልፌ ተቀብረው ሰው ሁሉ ተመልሷል። ጉንጉኔን ታቅፌ ድንኳኑ መሀል ተገተርኩ። ጸጥታ። አጎቷ ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝና "ልጄ፣ እኛ ለሟች ዱዓ ነው የምናደርገው። መምጣትህ ይበቃል፣ ቁጭ በል" አሉኝ። ባልደረባዬ ከሴቶቹ በኩል ጉንጉኑን አየች፣ አረንጓዴውን መስቀል አየች፣ ከዚያ ሻርፗን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው ያለቀሰች መስሎት ያጽናናታል። እኔ ግን አውቃታለሁ፣ እየሳቀች ነው።

በኋላ ሳነብ አይሁዶች መቃብር ላይ ጠጠር ነው የሚያስቀምጡት። ጠጠር ቢሆንማ ኪሴ ውስጥ ይቀርልኝ ነበር! ራሺያኖች ደግሞ አበባ ይወስዳሉ፣ ግን ጥንድ ቁጥር የሟች ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ጎደሎ ነው የሚሰጠው። እኔ ለባለቤቴ በየዓመቱ 12 ጽጌረዳ ነው የምገዛላት። እንኳን ራሺያ አልተወለደች።

ጉንጉኑን አበባ ቤቱ አልመልስም አለ። ገንዳ ውስጥ እንዳልጥለው የሰው ለቅሶ ነው፣ እጄ እምቢ አለኝ። አፍንጮ በር ቤቴ ወስጄ በሩ ላይ አስደገፍኩትና ነገ አስብበታለሁ ብዬ ተኛሁ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሰፈራችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድራችን ሊቀመንበር ኮፍያቸውን አወለቁና "እግዜር ያጥናህ ልጄ። ድንኳኑን አሁን እንትከለው ወይስ ዘመድ እስኪሰበሰብ?" አሉኝ።