ከባሕር ዳርቻ እስከ ቶሪጅ ሸለቆ፦ መኪና በሌለበት መንገድ የብስክሌት ጉዞ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ታው እና ቶሪጅ የተባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው በአንድ ሰፊ አፍ ወደ ብሪስቶል ቻናል ይገባሉ። ታርካ ትሬል የሚባለው መንገድ ይህን የወንዞች መገናኛ ተከትሎ ይሄድና የቶሪጅን ሸለቆ ይዞ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ሙሉው መንገድ ለእግረኛ የተዘረጋ፣ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለውና 290 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። በዚህ ጽሑፍ የማወራው ግን ለብስክሌት ስለተመቻቸው ክፍል ነው፤ ይኸውም ከብራውንተን ተነስቶ በባርንስታፕል፣ በኢንስቶው፣ በቢደፈርድና በግሬት ቶሪንግተን አድርጎ ሚዝ እስከምትባል መንደር የሚደርሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባርንስታፕል ከተማ ውስጥ ካለው ማቋረጫና አልፎ አልፎ ከሚያጋጥሙ መሻገሪያዎች በቀር፣ በዚህ ሁሉ ርቀት ከመኪና ጋር መንገድ መጋራት የለም ማለት ይቻላል።

ያደግኩት ባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ ብስክሌት ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም የሚኬድበት ነገር እንጂ ልዩ ልብስ ለብሰው የሚወጡበት ስፖርት አልነበረም። ለንደን ከገባሁ በኋላ በባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስና በጭነት መኪና መካከል መጋፋቱ አስጠልቶኝ ብስክሌቴን ሰቅዬው ቆየሁ። እንደገና ስጀምር ደግሞ ከታላቅ እህቴ ጋር ነበር፤ እሷም ከባሕር ዳር ከወጣች ወዲህ ነድታ አታውቅም። «አንተ ካልክ እመጣለሁ፤ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ካለፈ ግን ወርጄ በእግሬ ነው የምመለሰው» አለችኝ። «እታለም፣ መንገዱ እኮ የባቡር ነበር፤ መኪና የሚገባበት በር የለውም» ብዬ አሳመንኳት።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ የባቡር ታሪክ ነው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ መስመሩን የዘረጉት መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው፣ የወንዙን ዳር ተከትለው መንገዱን በተቻለ መጠን አለሰለሱት። እ.ኤ.አ. በ1963 የብሪታንያ የባቡር ድርጅት ሊቀ መንበር የነበሩት ሪቻርድ ቢቺንግ የብሪታንያን የባቡር መስመሮች በብዛት መዝጋትን የሚመክር ሪፖርት አወጡ፤ ከባርንስታፕል ወደ ቶሪንግተን የሚሄደው የመንገደኛ ባቡርም በ1965 ቆመ። ከሚዝና ከአካባቢዋ የሚወጣው ለሸክላ ሥራ የሚሆን ነጭ አፈር ግን እስከ 1982 በዚያው ሐዲድ ሲጫን ቆየ። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቀ። ዛሬ አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ግማሽ ቀን የሚነዳው የዚያ ዘመን መሐንዲስ ለባቡር ብሎ ያስተካከለውን መሬት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን አሮጌውን የምድር ባቡር መስመራችንን ባሰብኩ ቁጥር ይኸው ይመጣብኛል፤ ነገር ግን የዚያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

መንገድ ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ ርቀቱ አልነበረም፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከምን ጋር ይገናኛሉ የሚል ነበር። መኪና የሌለበት መንገድ ላይ ለመድረስ በመኪና መንገድ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር መንዳት ካለብኝ፣ እንደ እህቴ ላለ ሰው ጉዞው ገና ሳይጀመር አበቃ ማለት ነው። ታርካ ትሬል በዚህ በኩል የተመቸ ነው፤ ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ኤክሰተር በፈጣን ባቡር፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ በመስኩ መካከል እየተጥመዘመዘ በሚሄደው ባቡር ባርንስታፕል ይደረሳል። ባርንስታፕል የሐዲዱ መጨረሻ ናት፤ ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደነዱ መንገዱ ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ከማረፊያውም ከምኑም በፊት ለብስክሌቱ ቦታ አስይዙ። በረጅሙ ጉዞ ባቡር ላይ የብስክሌት ቦታ በጣት የሚቆጠር ከመሆኑም በላይ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ቦታው ጠባብ ቁም ሳጥን መሰል ነው፤ ብስክሌቱ የፊት ጎማው ከላይ ካለው ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጎን ቦርሳዎቹ ካልወረዱ በሩ አይዘጋም፤ ባቡሩም በየጣቢያው ብዙ አይቆምም። ስለዚህ ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ቦርሳዎቹን አውርደን በአንድ ማሰሪያ እናስራቸዋለን፤ እሷ ቦርሳውን፣ እኔ ሁለቱን ብስክሌቶች ይዘን እንገባለን። በኤክሰተርና በባርንስታፕል መካከል ያለው ትንሹ ባቡር ግን ቀድሞ የመጣን የሚያስተናግድ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ሰው ስለሚኖር እኛ የምንመርጠው የሥራ ቀን ነው።

ከባርንስታፕል ወደ ምዕራብ ሲወጡ የታው ወንዝ በስተቀኝ ይሆናል። ከጣና ዳር ላደገ ሰው የመጀመሪያው እንግዳ ነገር የውሃው ጠባይ ነው። ጣና በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤ ይህኛው ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። የብሪስቶል ቻናል የባሕር ሙላት በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በውስጠኛው ጫፍ በአቨንማውዝ በኩል በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። በታው አፍ ከዚያ ያነሰ ቢሆንም የአካባቢውን መልክ ፈጽሞ ለመለወጥ ይበቃል። ጠዋት ጀልባ ተንሳፍፎበት ያየነው ቦታ ከሰዓት በኋላ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ሆኖ ይጠብቃል፤ ጀልባዋ በጎኗ ተጋድማ፣ ረጃጅም ምንቃር ያላቸው ወፎች ጭቃውን እየወጉ ትል ሲለቅሙ ይታያሉ። ኢዝሊ ማርሽ የተባለው የወፎች መጠበቂያ ከፍሬሚንግተን ወደ ኢንስቶው ሲሄዱ በመንገዱ ዳር ነው።

ስለዚህ የውሃውን ሙላት ሰዓት አስቀድሞ ማየት ለውበት ብቻ ሳይሆን ለጉዞው ዕቅድም ያስፈልጋል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። በኢንስቶው ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ አፕልዶር የምትባል የመርከብ ሠሪዎች መንደር አለች። በሞቃቱ ወራት ሰው የምታሻግረው ትንሿ ጀልባ የምትሠራው ውሃው ከመሙላቱ በፊትና ከሞላ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አፕልዶርን ከኢንስቶው አሸዋ ላይ ሆኖ እያየ ይመለሳል።

ከውሃው ቀጥሎ ነፋሱ ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከባርንስታፕል ወደ ኢንስቶው የሚሄድ ሰው ደግሞ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አዲስ ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዳገት መጨረሻ አለው፣ ነፋስ የለውም። የእኛ ብልሃት ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ይህን ክፍል መጨረስ ነው። ኢንስቶው ላይ መንገዱ ወደ ደቡብ ስለሚታጠፍ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ከጎን ይሆናል፤ ኮረብታውም ይከልላል።

ስለ ፍሬሚንግተን ኪ ጥቂት ልበል። ዛሬ ሰው ሻይ እየጠጣ ውሃውን የሚያይበት ጸጥ ያለ ቦታ ቢሆንም፣ በባቡሩ ዘመን ያ ነጭ አፈር ወደ መርከብ የሚጫንበት ትልቅ ወደብ ነበር። ከዚያ እንደተነሱ መንገዱ ትንሽ ገባር ወንዝ በብረት ድልድይ ይሻገራል፤ እህቴ ምናልባት አስር ጊዜ ፎቶ ያነሳችው እዚያ ነው። ኢንስቶው ላይ ደግሞ የባቡር ምልክት ይሰጥበት የነበረው ትንሽ ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ እስካሁን ቆሟል።

ቢደፈርድ በቶሪጅ ማዶ ናት። ከከተማዋ ጋር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ 24 ቅስቶች ሲኖሩት፣ የአንዱ ቅስት ስፋት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ከአሮጌው ጣቢያ ላይ ሆኖ ሲያዩት ይህ አለመመሳሰል በግልጽ ይታያል። ምሳ የሚበላ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ከተማው ቢገባ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን በሶ ይዘን ነበር። በሶው በደረቁ በትንሽ ዕቃ ይቀመጣል፤ ሲያስፈልግ ሁለት ማንኪያ በግማሽ ጠርሙስ ውሃ ላይ ይጨመርና ትንሽ ጨውና ማር ተጨምሮ በደንብ ይናጣል። ለብስክሌተኞች ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ጣፋጭ ነገር ሁሉ ሞክሬ ቆሎና በሶ ላይ ጸንቻለሁ። የበሶው ብቸኛ ችግር የጠርሙሱን አፍ ካላጠቡት ማታ ላይ መሽተቱ ነው።

ከቢደፈርድ በኋላ ወንዙ እየጠበበ፣ ጨዋማው ውሃ እየቀረ፣ ጫካው እየቀረበ ይመጣል፤ መንገዱም የተጠማዘዘውን ቶሪጅን በድልድይ እየደጋገመ ይሻገራል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። ግሬት ቶሪንግተን ከተማዋ ኮረብታ ላይ፣ አሮጌው ጣቢያ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ስለሆነ፣ ከተማ ውስጥ ማረፊያ የያዘ ሰው የቀኑ መጨረሻ ላይ ከባድ ዳገት እንዳለበት ይወቅ።

ከቶሪንግተን እስከ ሚዝ ያለው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሌላ ጠባይ አለው። ይህ ክፍል በ1925 የተከፈተና በቁጠባ የተሠራ ቀላል የባቡር መስመር ስለነበር መሐንዲሶቹ ዳገቱን እንደ ሰሜኑ አላለሰለሱትም። ዳገቱ ረጅምና ዝግ ያለ ነው፤ ማርሹን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ወሬ እያወሩ መውጣት እንጂ መፍጠን አያስፈልግም። የመንገዱም ገጽ ከአስፋልት ወደ ተጠቀጠቀ ጠጠር ስለሚለወጥ ቀጭን የውድድር ጎማ አይመከርም። የእኛ ጎማዎች 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። በዴቨን ዝናብ ደግሞ ያለ ፓራፋንጎ አይወጣም፤ ይህን የምለው ከኋላ ለሚከተለው ሰው ፊት ብዬ ነው። በዚህ ጫካ መካከል ጎሚስታ ስለሌለ አንድ ትርፍ ከመነዳሪና የጎማ መንፊያ የግድ ነው።

መንገዱ የብስክሌተኛ ብቻ አይደለም፤ ሕፃን የሚገፋ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ የሰካ ሰው ሁሉ ይሄድበታል። ደወሉን ከሩቅ አንዴ መምታት፣ ከዚያ ፍጥነት ቀንሶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ የአገሩ ወግ ነው። አጠገብ ከደረሱ በኋላ መደወል ሰው ያስደነግጣል፤ የውሻ ማሰሪያም መንገዱን አቋርጦ የሚዘረጋው ያኔ ነው።

ሚዝ ላይ ከመኪና ነጻ የሆነው መንገድ ያበቃል። እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። ከእህቴ ጋር ስሆን በመጣንበት እንመለሳለን፤ ያው መንገድ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሙላቱ ተለውጦ ነፋሱም ከኋላ ሆኖ ሲያየው ሌላ መንገድ እንደሚመስለው አረጋግጥለታለሁ። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ወደ ኦክሃምፕተን የሚወስደውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል የገጠር መንገድ እነዳለሁ። መኪናው ጥቂት ቢሆንም መንገዱ ጠባብ፣ በሁለት በኩል በረጅም ቁጥቋጦ አጥር የታጠረና ዳገት ቁልቁለቱ የበዛ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ኦክሃምፕተን ከተደረሰ ግን ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የመንገደኛ ባቡር እንደገና ወደ ኤክሰተር ስለሚሄድ በመጡበት ሳይመለሱ ወደ ቤት መግባት ይቻላል። ጊዜ ያለው ሰው ከዚያው ግራናይት ዌይ በሚባለው ሌላ የቀድሞ የባቡር መስመር፣ በ1874 የተሠራውን የሜልደን የብረት ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሊድፎርድ መቀጠል ይችላል፤ ያም መስመር የአገር አቀፉ የብስክሌት መንገድ ቁጥር 27 አካል ሆኖ እስከ ደቡቡ ባሕር፣ እስከ ፕሊመዝ ይደርሳል። እህቴ የሚዝና የኦክሃምፕተንን ክፍል በታክሲ ዘልላ ቀሪውን ልትነዳ ተስማምታለች፤ አሁን የቀረን ሁለት ብስክሌት የሚጭን ታክሲ ማግኘት ነው።