ከመስፋት በፊት መፍታት

እናቴ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነበረች። አንገቷ ላይ ያለው የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ግማሹ ለቋል። ክዳኗ ላይ ዳንቴል ተነጥፎ፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት በአበባ ማስቀመጫነት ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ቤት ስንቀይር አሮጌው መጋረጃ ለአዲሶቹ መስኮቶች አጠረ። ለማሰፊያ የተጠየቅሁት የእጅ ዋጋ ከጨርቁ ጋር እኩል መጣ። "እማዬ፣ ሲንጀሯን ልውሰዳት?" አልኳት። "ከሠራችልሽ ውሰጂያት" አለችኝ።

መጀመሪያ ያጠፋሁት ዘይት ላይ ነው። መንኮራኩሯ አልዞር ሲለኝ የምግብ ዘይት ጠብ አደረግሁባት። ለአንድ ሳምንት እንደ ውሃ ሄደች። ከዚያ ቀጥ አለች። ጠጋኙ ሲከፍታት ዘይቱ ብረቱ ላይ እንደ ሙጫ ደርቋል። ለስፌት መኪና የሚሆነው የስፌት መኪና ዘይት የሚባለው ነጭና ቀጭን ዘይት ብቻ ነው፤ ዋጋውም የሚከብድ አይደለም። መንኮራኩሯን የሚያዞረውን፣ የላላውን ቺንጋም አሳጥሮ አሰረልኝ።

የእግር መኪና እግርን ማስለመድ ይፈልጋል። መንኮራኩሩ ወደሚሰፋው ሰው መዞር አለበት፤ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል ወይ ይበጠሳል። እኔ የለመድኩት ክር ሳላስገባ፣ የልጄን አሮጌ ደብተር ወረቀት በመስመሩ ላይ እየወጋሁ ነው። ቀዳዳዎቹ መስመሩን ሳይለቁ እስኪሄዱ ድረስ ጨርቅ አልነካሁም።

ጨርቅ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ስፌቱ ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ገልበጥ ሳደርገው ከታች ክሩ ተዝረክርኮ እንደ ወፍ ጎጆ ተከምሯል። ጥፋቱ የቦቢኑ፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት፣ መሰለኝ። ብሎኗን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኩ። በመጨረሻ ሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉትን ጋሼ ለመንኳቸውና መጡ። መኪናዋን አየት አድርገው ቦቢኑን ሳይነኩ የላይኛውን ክር መዘው አወጡት። ከዚያ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንስተው እንደገና አስገቡት። "ታች ሲዝረከረክ ላይኛውን እዪ" አሉኝ። ነገሩ ቀላል ነው። እግሩ ሲወርድ ክሩን የሚወጥሩት ሁለት ዝርግ ብረቶች ይገጥማሉ። ያኔ ክሩን ብናሳልፈው መሐላቸው አይገባም፤ የሚይዘው ስለሌለ ወደ ታች ይንዠረገጋል። ዛሬም ስፌት ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የማደርገው ክሩን አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። ካልሆነ መርፌውን እቀይራለሁ። ለአቡጀዲና ለመሳሰለው 90 ቁጥር፣ ለጂንስ 100 ይበቃኛል።

መጋረጃው ራሱ ስለ ጨርቅ አስተማረኝ። አንዱ ክንፍ ሲሰቀል ጎኑ ተጣሞ ወደ ውስጥ ይሸሻል። በመቀስ በዓይኔ ብቻ ነበር የቆረጥኩት። ጨርቅ በቁመቱ የሚሄድ ድርና በአግድሙ የሚሄድ ማግ አለው። በድሩ ብዙ አይሳብም፣ በማጉ ትንሽ ይሳባል፣ በሰያፍ ሲጎትቱት ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። አሁን ቀጥ ያለ ነገር ስቆርጥ ከዳር አንድ የማግ ክር ይዤ ቀስ ብዬ እስባለሁ። ክሯ ስትወጣ በጨርቁ ላይ ቀጭን መንገድ ትተዋለች። መቀሱ በዚያች መንገድ ይሄዳል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከማስመሪያ የበለጠ አምነዋለሁ።

የትራስ ልብስም ሰፋሁ። ትራሴ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ነው። ጨርቁንም ልክ በ50 እና በ70 ቆረጥኩት፤ ለስፌት የሚገባውን አልተውኩም። በዚያ ላይ ጨርቁን አላጠብኩትም ነበር። የመጀመሪያው እጥበት ላይ ተኮማተረና ትራሱ አልገባ አለ። አሁን የጥጥ ጨርቅ ከገዛሁ ሳይታጠብ፣ ሳይደርቅና ሳይተኮስ መቀስ አይነካውም። በየጎኑ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ።

ልብስ መስፋት የጀመርኩት ግን ጋሼ ባሉኝ አንድ ነገር ነው። ለልጄ ቀሚስ መስፋት አምሮኝ "ቅድ እንዴት ልማር?" ብላቸው፣ "የጠበባት ቀሚስ የለም? አምጪና ፍቺው" አሉኝ። ምላጭ ሰጡኝ። "ስፌቱን ነው እንጂ ጨርቁን እንዳትነኪ።"

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀምጬ ፈታሁት። ምላጩን በአንድ በኩል ከስፌቱ ሥር አስገብቼ በየሦስት በየአራት ስፌቱ አንድ ክር እበጥሳለሁ፣ ከዚያ ከጀርባ በኩል ያለውን ክር ስስበው ተጎልጉሎ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ቀሚስ የነበረው ነገር ጠረጴዛው ላይ አምስት ቁራጭ ሆኖ ተዘረጋ፦ የፊቱ አንድ፣ ዚፕ የነበረበት የኋላው ሁለት፣ እጅጌ ሁለት። በጣም የገረመኝ እጅጌው ነው። ክብ የሚመስለኝ ነገር ሲዘረጋ ጉብታ ነው፤ ጉብታውም እኩል አይደለም። በፊት በኩል ገባ ብሎ የተቆረጠ ነው፣ በኋላ በኩል ሞላ ያለ ነው። ክንድ ወደ ፊት ስለሚዘረጋ ጀርባው ቦታ ይፈልጋል። ይህን ማንም በቃል ቢነግረኝ አይገባኝም ነበር።

ቁራጮቹን ተኩሼ ጋዜጣ ላይ አነጠፍኩ፣ በእርሳስ ዙሪያቸውን ሳልኩ፣ ልጄ ያደገችውን ያህል ጨመርኩ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞከርኩት። አንገቱ ጠበበ። ፈታሁ፣ አሰፋሁ። ከዚያ ነው ደህናውን ጨርቅ የቆረጥኩት። አሁን መሳቢያዬ ውስጥ በየዕድሜያቸው የተጠቀለሉ የጋዜጣ ቅዶች አሉ። እንደ ፎቶ አልበም ነው የማያቸው።

እህቴ ስትወልድ ደግሞ የእናቴን ያረጀ ነጠላ ለሕፃኑ ማቀፊያ አደረግሁት። ብዙ የታጠበ ነጠላ ከየትኛውም አዲስ ጨርቅ ይለሰልሳል። ነገር ግን የእጅ ሽመና ከተቆረጠ ወዲያው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ ሳልቆርጥ በፊት ሁለት መስመር ጎን ለጎን ሰፍቼ በመካከላቸው ቆረጥኩ፤ ከዚያ ዳሩን ሁለቴ አጥፌ ዘመዘምኩት። ጥለቱን አልነካሁትም፤ በአንድ በኩል እንዳለ ተውኩት።

ባለፈው ወር እናቴ ቀሚስ ይዛ መጣች። "እስቲ ይህን አሳጥሪልኝ።" የድሮውን ዝምዝማት ፈታሁ፣ ለክታ ባሳየችኝ ልክ አጥፌ በእጅ ዘመዘምኩት። ስሰጣት ፊቱን አላየችም። ገለበጠችው። ዳሩን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ዙሪያውን ሁሉ ሄደችበት። ምንም ሳትል አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። እሑድ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰኞ ጠዋት ሌሎች ሁለት ቀሚሶች ይዛ መጣች።