ቅዳሜ የሚደርሰው ስንቅ

ዘጠነኛ ክፍል ልማር ከደንቢያ ገጠር ጎንደር ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አራት ሴቶች ሆነን አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራየን። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ሄደን ስንቃችንን እንቀበላለን። የእናቴ ከረጢት ከሩቅ ይለያል፤ አፉን የምታስረው በአሮጌ ነጠላ ጥለት ነው። ውስጡ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ትንሽ በሶ። አንዳንዴ ከበሶው መሀል በላስቲክ የተጠቀለለች ሃምሳ ብር ትገኛለች። ያቺን ብር ባገኘሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ከምን ላይ ቀንሳ እንደላከችው አውቃለሁ።

ከአራታችን አንዷ አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ አገሯ ገባች። ጎበዝ ነበረች፤ ሒሳብ የምታስጠናኝ እሷ ነበረች። ወባ ይዟት ሁለት ሳምንት ስትቀር «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» ያለ የለም። ስትመለስ ፈተናው አልፏታል። አባቷ ሊጠይቁላት ከገጠር መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ዘበኛውን አነጋገሩ፣ ሄዱ። ከዘበኛው ወዲያ ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም ነበር። አቋቋማቸው ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰሞኑን እኚህን አባት ያስታወሰኝ ካናዳ፣ ኤድመንተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝና «ይቺን ፊደል እያት እስቲ» አለኝ። ፊደሉ የክሪዎች ነው፤ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስልኬን ወስዳ ታገላብጠው ጀመር። አንዱ ቅርጽ ወደ ላይ ሲዞር አንድ ድምፅ፣ ወደ ታች ሲዞር ሌላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ደግሞ ሌላ ነው። እኛ «ለ»ን «ሉ» ለማድረግ ከጎኗ እንቀጥልላታለን፤ እነሱ ፊደሏን ራሷን ያዞሯታል። «እማዬ፣ እነሱም ሀ ሁ አላቸው?» አለችኝ። አላቸው አልኳት።

ከዚያ ስለ ትምህርታቸው ማንበብ ጀመርኩ። ካናዳ ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ የነባር ሕዝብ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል፤ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው እቅፍ በግድ። በቋንቋቸው ሲያወሩ ይቀጡ ነበር። አልበርታ ውስጥ ሴንት ፖል ከተማ አጠገብ ያለው ብሉ ክዊልስ ከነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በሐምሌ 1962 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 1970፣ ወላጆችና ሽማግሌዎች ሕንፃው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱን እኛ እናስተዳድረው አሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ እዚያው እየበሉ፣ እዚያው እየተኙ አልነቃነቅ አሉ። ወሩ ሲያልቅ መንግሥት እሺ አለ። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው የተረከቡት የመጀመሪያው አዳሪ ትምህርት ቤት ይኸው ነው።

እዚያ ላይ አላቆሙም። ኮሌጅ አደረጉት፤ ከ2015 ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። ባለቤቶቹ በአካባቢው ያሉ ሰባት የክሪና የዴኔ ማኅበረሰቦች ናቸው። ቋንቋው ያስቀጣበት ሕንፃ ውስጥ ዛሬ ክሪ ይማሩበታል። ይህን ሳነብ ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። እነዚያ ወላጆች በር ላይ ቆመው ዘበኛ አነጋግረው አልተመለሱማ።

እኛ ተማሪ ማብላት ማንም አያስተምረንም። ጎንደር የአቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዝማሬ ትምህርት፣ አገር ናት፤ ስንትና ስንት የቆሎ ተማሪ በዚህች ከተማ ቁራሽ አድጓል። እናቴ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከሰማች ምጣድ ላይ ያለውን እንኳ ትታ ትወጣለች። አኮፋዳው ውስጥ ሳትጨምር ተማሪ ከደጇ አይሄድም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከሌላ ክልል የሚመጡትን አዲስ ተማሪዎች ከከተማው ሰው ጋር የሚያገናኝበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ሥራ ጀምሯል። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኔም ከወላይታ የመጣች ልጅ አለችኝ፤ እሑድ እሑድ ቡና የምታፈላው እሷ ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ እንጀራውን በሁለት ጣት ብቻ ነበር የምትቆርሰው። አሁን ማጀት ገብታ ድስት ትከፍታለች።

ግን ማብላቱ ብቻ አልበቃኝም። ጓደኛዬን ከትምህርት ያስቀራት ረሃብ አልነበረም፤ ስንቋ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደርስ ነበር። የጎደላት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለሷ የሚናገር ሰው ነው። ከገጠር የሚመጣ ልጅ ወላጅ ስብሰባ ላይ አይጠራም፤ ቢጠራም መሳፈሪያ የለውም፤ መጥቶ ቢቀመጥ ደግሞ የሚነገረው ነገር አይገባውም። ታዲያ ልጁ የማን ነው?

ባለፈው ወር እድራችን ላይ ይህን አነሳሁ። በሰፈራችን ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆችን ቆጠርን፤ አሥራ አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከእድሩ አንድ ሰው ይመደብ፣ ወላጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ይግባ፣ ይፈርም፣ ልጁ ሲቀር «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ አልኩ። አንዳንዱ «ሥራ በዛብን» አለ። ዳኛው ግን «ለቀብር የምንሰበሰበውን ያህል ለልጅ ብንሰበሰብ ምን አለበት?» አሉ። ሰባት ሰው እጁን አወጣ። አራት ልጆች ቀርተዋል። ቅዳሜ ስንቅ መቀበያ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄጄ ከረጢት ይዘው የሚመጡትን ወላጆች ላነጋግር አስቤያለሁ።