ስህተቱን ራሱን ማን ይለካዋል?

ዛሬ ሙሉ ቀን አንዲት ትንሽ ሮቦት በሬዲዮ ሞገድ ስከታተል ዋልኩ። ሲወራ ቀላል ነው። ሞገዱ ተቀባዮቹ ጋ የደረሰበትን ጊዜ ትለካለህ፣ ርቀቱን ታወጣለህ፣ ቦታዋን ታገኛለህ። ግን ሬዲዮ በ1 ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰዓትህ በ10 ናኖ ሰከንድ ከተዛባ 3 ሜትር ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ያሳተመው ማጣሪያ የሚባል የስሌት ዘዴ አለ። ግምትን ከልኬት ጋር እያመዛዘነ ቦታውን ያሻሽላል፤ የአፖሎ መንኮራኩሮችም ተጠቅመውበታል። ማጣሪያው ግን ልኬትህ ምን ያህል እንደሚሳሳት ንገረኝ ይልሃል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ሮቦቷ ግልጽ ቦታ ላይ ስትሆን ስህተቱ ትንሽ ነው። ከግድግዳ ጀርባ ስትገባ ግን ሞገዱ ተንጸባርቆ፣ ዞሮ ይመጣል። ዞሮ የመጣ ሞገድ ርቀቱን ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም። ስለዚህ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ አማካይ ብትወስድም አይጠፋም።

ለስህተቱ መጠን አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጥተህ አትገላገልም። ቁጥሩ ካነሰ ማጣሪያው የማይረባውን ልኬት ሁሉ አምኖ ግምቱ ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ከበዛ ደግሞ ሮቦቷ ታጥፋ ሄዳ እሱ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል (ዛሬ ያሳቀን ይሄ ነው)። የሚሻለው ማጣሪያው የጠበቀውንና የደረሰውን ልኬት እያነጻጸረ ቁጥሩን ራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ያም ቢሆን ልዩነቱ በድንገት ሲያድግ ልኬቱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሮቦቷ ታጥፋ? በአንድ ተቀባይ ብቻ ይህን መለየት ከባድ ነው። የሌሎቹም ልኬት አብሮ ከተቀየረ ግን ታጥፋለች ብዬ አምናለሁ። ነገ የምሞክረው ይህንን ነው።