ሚስማር ላይ የተሰቀለችው ካርድ

ከቃሊቲ አልፎ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ምርት ወረደ፣ ከሥራ የሚቀረው ሰው በዛ። "ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም፤ ሥልጠና ስጣቸው" ተባልኩ።

ሰጠሁ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አብርሃም ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ሰው ፍላጎት የጻፈውን አስረዳሁ። ፍላጎቶቹን በደረጃ የሚያሳየውን ፒራሚድም ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፤ እሱ ራሱ በዚያ ጽሑፉ አልሣለውም፣ ኋላ ሌሎች ናቸው ያመጡት። ከታች ምግብ፣ ውኃ፣ እንቅልፍ፤ ከላይ ክብርና ራስን ማሳደግ። ታችኛውን "ይሄ ግልጽ ነው" ብዬ አልፌ ስለ ክብር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ሽልማትም በዚያው ተጀመረ።

የመጀመሪያዋ ተሸላሚ የላይን አራቷ፣ ማለትም የአራተኛው የስፌት መስመር፣ ኮሌታ ገጣሚ ነበረች። የምሥራቹን ልነግራት ማሽኗ ድረስ ሄድኩ። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ሰማችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ጋሼ፣ ሽልማቱ ይቅርብኝና ካርድ ብትጨምሩልን?"

"የምን ካርድ?"

በአገጯ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ ጠቆመችኝ። ሚስማር ላይ የሽንት ቤት መውጫ ካርድ ተሰቅሏል። ለአርባ ሰው አንድ ካርድ።

"ታዲያ እንዴት ታደርጋላችሁ?"

"ውኃ አንጠጣማ፣ ጋሼ።"

እንደ ተራ ነገር ነው ያለችው። ዞር ስል በርሜሉ አለ፣ በሰንሰለት የታሰረው ኩባያም አለ። አነሳሁት። ውስጡ የክር ብናኝ ተኝቶበታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ እያለፍኩ በየወሩ ሪፖርቴ ላይ "የመጠጥ ውኃ ተሟልቷል" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ በር ላይ ራስ ምታት ብለው የሚሰለፉትንም "ሥራ ጠልተው ነው" ሲባል ዝም ብዬ ሰምቻለሁ።

የምርት ኃላፊው "ካርዱ ከተነሳ ላይኑ ይቆማል" አለኝ። ተከራከርን፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌያለሁ፣ አልጸጸትበትም። በመጨረሻ ለሙከራ ላይን አራት ላይ ካርዱ ተነሳ፤ የሚወጣውን የምትተካ አንዲት ኦፕሬተር ተመደበች። ላይኑ አልቆመም። የክሊኒኩ ሰልፍም አጠረ።

ከሥራ የሚቀረው ሰው ግን አልቀነሰም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከባልደረቦቹ ጋር አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ አካባቢ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመውን ያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳሁት፦ የሚያስመርረውን ነገር ማንሳት ምሬትን ይቀንሳል እንጂ ለሥራ ፍላጎት አይሆንም። ሰው ውኃ ስለጠጣ አመስግነኝ አይባልም።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀች። የመልቀቂያ ቅጹ ላይ በምክንያት ቦታ "የቤት ኪራይ" ብላ ጽፋለች። ሳትወስደው የቀረችው የምስክር ወረቀት እኔው ጋ ነው። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ ጠዋት ስገባ ከማንም በፊት ኩባያዎቹን አያለሁ፣ እርጥብ መሆናቸውን።