ሠላሳ ሰከንድ ውሃ

ድሬ ተወልዶ ውሃ መውደድ ትንሽ ያስቃል። ወንዛችን ደቻቱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ። ኳስ የተጫወትንበት፣ በእጃችን ቆፍረን እርጥቡ ጋ ስንደርስ «ባሕር አገኘን!» እያልን የጮህንበት አሸዋ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ግን እናቶች ልጅ ይሰበስባሉ። ውሃው የሚመጣው ከደጋ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ባሕር ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው፣ ጅቡቲ። ማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ በደወሌ አድርጌ፣ ካሜራዬን ታቅፌ። ሎንግ ኤክስፖዠር ልሞክር ነው የሄድኩት፣ ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ብርሃን እየተቀበለ የሚያነሳው ፎቶ። ሌንሱ ፊት ጥቁር መስታወት የመሰለ ፊልተር ትገጥማለህ፣ ባለ 10 ስቶፕ የሚሉት፣ ብርሃኑን 1000 እጥፍ ገደማ የሚቀንስ። ያለሱ በ1/30 ሰከንድ የሚያልቀው ፎቶ አሁን ከ30 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። በዚያ መሃል የመጣው ማዕበል ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባል፣ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ውሃው ጉም ይሆናል። ፎከስህን ፊልተሩን ከመግጠምህ በፊት ጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይታይህም።

የመጀመሪያዎቹ በሙሉ ተበላሹ። የአሸዋን ጠባይ አውቃለሁ ባዩ የደቻቱ ልጅ ትሪፖዱን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ እርጥቡ ላይ አቁሜ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሩ ሥር አሸዋውን እየላሰ ይሄዳል ለካ! ትሪፖዱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ለዓይን አያስታውቅም፣ ፎቶው ላይ ግን ድንጋዩ ሁለት ሆኖ ቁጭ። በኋላ እግሮቹን በደንብ ቀብሬ፣ ሁለት ሦስት ማዕበል አሳልፌ ማንሳት ጀመርኩ። አንዷ ወጣች። ሰማይና ውሃው የማይለይባት፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ያለባት። ስልኬ ላይ ስንቴ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለእማዬ አሳየኋት። (አንቺ ነው የምላት፣ የድሬ ልጅ ነኝ፤ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ እስካሁን አልለመዱትም።) ስልኩን ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው።

«ውሃው የታለ?»

«ይኸው፣ ነጩ።»

«ይሄማ ጭጋግ ነው። ውሃ ድምፅ አለው።»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ግን እሷ የ98ቱን ሌሊት ያወቀችው በጆሮዋ ነው። ጨለማ ነበር።

ባለፈው ክረምት ደቻቱ ሲመጣ ድልድዩ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ በ30 ሰከንድ አነሳሁት፣ ሻይ በወተት መሰለ፣ ጸጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ውሸት። ፊልተሩን ፈታሁና በ1/500 ሰከንድ ደገምኩት። ቡኒው ውሃ ሲፈነጥር፣ ቢጫ ጀሪካን ሲገላበጥ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር።

ይሄኛውን ሳሳያት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

«ድልድዩ ላይ ቆመህ ነው ያነሳኸው?»

«አዎ።»

«ሁለተኛ እንዳትሄድ።»